ከርነሉ ስለ አንድ ፕሮሰስ ሚሞሪ ስንት ቁጥር ይንገረን? (8 ጊጋ ሰርቨር ላይ 19 ጊጋ ደምሬያለሁ)

ሌሊት_ተረኛ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት።

8 ጊጋ ራም ያላት አንዲት ሰርቨር አለችን። ስዋፕ (ራም ሲሞላ ትርፉ የሚገፋበት የዲስክ ቦታ) የላትም። ሥራዋ ፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) ነው፤ ሼርድ በፈርስ (ፕሮሰሶቹ ሁሉ የሚጋሩት ሚሞሪ) 2 ጊጋ ተሰጥቶታል፣ 60 የሚሆን ኮኔክሽን (እያንዳንዱ አንድ ፕሮሰስ) ቀን ከሌት ክፍት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ኦኦኤም ኪለር (ሚሞሪ ሲያልቅ ፕሮሰስ መርጦ የሚገድል የከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ክፍል) አንዱን የፖስትግሬስ ፕሮሰስ ገደለብኝ። አንዱ እንዲህ ሲሞት ፖስትግሬስ የቀሩትንም አውርዶ እንደ አዲስ ይነሳል። ያኔ ስልኬ ይጮኻል። ከእኔ ቀድማ የምትነቃው ሚስቴ ናት።

አለቃዬ «ማን እንደሚበላው በወረቀት አምጣልኝ» አለ። ፒኤስ (የፕሮሰሶች ዝርዝር ማውጫ ትእዛዝ) አወጣሁ፣ የአርኤስኤስን (ፕሮሰሱ ራም ላይ ያለው ሚሞሪ የሚጻፍበትን) ዓምድ ኤክሴል ላይ ደመርኩ። በአማካይ ለአንዱ 320 ሜጋ፣ ጠቅላላ 19.2 ጊጋ! 8 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 19 ሊትር ውሃ። ሰውየው ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሄ ሂሳብ ነው ጥንቆላ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እያንዳንዷን ፔጅ (ሚሞሪ የሚታደልበትን ቁራሽ) የሚያድለው ከርነሉ ራሱ ነው። ታዲያ «ይህ ፕሮሰስ ይህን ያህል ይዟል» ብሎ አንድ እውነተኛ ቁጥር መናገር ለምን አቃተው?

ቢት_በርበሬ · 3፡52

ራም ጨምሩና ተኙ።

ሌሊት_ተረኛ · 3፡55

በጀቱን አንተ ትፈርማለህ?

ከርነል_አንባቢ · ከምሽቱ 4፡20

ጥንቆላ የለበትም። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ የተሳሳተው መደመሩ ነው።

የኪራይ ግቢ አስብ። ስድስት ተከራይ፣ አንድ የውሃ ቆጣሪ። የወሩ ቢል 600 ብር መጣ። እያንዳንዱን ተከራይ «በምትጠቀምበት ቆጣሪ ስንት መጣ?» ብለህ ብትጠይቅ ሁሉም 600 ይሉሃል። አንዳቸውም አልዋሹም። አንተ ግን ስትደምረው 3,600 ብር ይሆናል። አርኤስኤስ ማለት ይሄ ነው። ፕሮሰሱ በፔጅ ሠንጠረዡ (ፔጆቹ በተመዘገቡበት ካርታ) የሚደርስባቸውን፣ አሁን ራም ላይ ያሉ ፔጆች ሁሉ ይቆጥራል። ከሌላ ጋር ይጋራቸው አይጋራቸው ግድ የለውም። ያንተ 60 ፕሮሰሶች ያንኑ 2 ጊጋ ሼርድ በፈርስ ነው የሚነካኩት፤ እያንዳንዱም የነካውን በራሱ ስም ያስመዘግባል።

ቢሉን ለስድስት ካካፈልከው ለአንዱ 100 ብር ይደርሰዋል። ይሄ ፒኤስኤስ ነው። ትንሽ ላርመው እንጂ የሚካፈለው በፔጅ ነው። አንዲት ፔጅ 4 ኪሎባይት ናት። አራት ፕሮሰስ ከያዛት ለእያንዳንዱ 1 ኪሎባይት ይጻፍበታል፤ ያልነካት አይከፍልም። ሊኑክስ ይህን ከ2.6.25 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2008 ወዲህ፣ ስማፕስ በሚባለው ፋይል ውስጥ ያወጣዋል። ዩኤስኤስ ደግሞ የጋራውን ትቶ የግሉን ብቻ ይቆጥራል። ተከራዩ ዛሬ ለቆ ቢወጣ ለግቢው የሚተርፈውን ማለት ነው።

የ60ውንም ፒኤስኤስ ደምረህ ተመለስ። ከ4.14 ወዲህ ያለ ከርነል ከሆነ ስማፕስ ሮልአፕ የሚባለው ፋይል ድምሩን ሠርቶ ይሰጥሃል። መስመር በመስመር መቁጠር የለብህም።

ሌሊት_ተረኛ · 4፡58

2.7 ጊጋ።

እሰይ ልል ነበር። ግን 8 ጊጋ ማሽን ላይ 2.7 ብቻ ከበላ ለምን ይገደላል? አሁን የባሰ ግራ ገባኝ። ትናንት ቁጥሩ ስለበዛ ነበር የማፍረው፣ ዛሬ ስላነሰ።

ስልክ_ኮዳሪዋ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ስለ ፒኤስኤስ ከአንድሮይድ ወገን ልጨምር፤ እኛ ጋ የዕለት እንጀራ ስለሆነ። አንድሮይድ ላይ እያንዳንዱ አፕ የሚወለደው ዛይጎት ከሚባል አንድ ፕሮሰስ ተፎርኮ (ተባዝቶ) ነው። ጃቫ ላይብረሪው ሁሉ የጋራ ነው። 2 ጊጋ ራም ባለው ስልክ ላይ በአርኤስኤስ ብንሄድ ሦስት አፕ ተከፍቶ ስልኩ ሞላ ልንል ነው። ስለዚህ ደምፕሲስ ሚምኢንፎ የሚባለውን የመለኪያ ትእዛዝ ስንሰጥ ፊት ለፊት የሚመጣው ፒኤስኤስ ነው።

ግን በዚህ ቁጥር ተቃጥያለሁ። አንድ ጊዜ ኮዴን ሳልነካ፣ ያንኑ ቢልድ፣ በዚያው ስልክ ላይ ስለካው ከትናንቱ 11 ሜጋ ጨምሮ አገኘሁት። ግማሽ ቀን ሊክ (ሳይለቀቅ የሚጠራቀም ሚሞሪ) ፈለግኩ። ለካ ትናንት ስለካ ሌሎች አፖች ክፍት ነበሩ፣ ዛሬ ተዘግተዋል። ጎረቤቶቼ ለቀው ሲወጡ የእነሱ ድርሻ እኔ ላይ ወደቀ። በግቢው ምሳሌ ሁለት ተከራይ ወጣ፣ የቀረነው በሰው 150 ብር መጣብን። ውሃ አልጨመርኩም እኮ!

ስለዚህ ፒኤስኤስ ለመደመር ጥሩ ነው። የአንድን አፕ እድገት በቀናት ለመከታተል ግን ያስታል። ለዚያ የግሉን ነው የማየው።

ቢት_በርበሬ · 2፡40

እሺ ራም ጨምሩ ያልኩትን ተውኩት። ግን ፒኤስኤስ ካለ ለምን ቶፕ (ፕሮሰሶችን በቀጥታ የሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ እሱ አልሆነም ዋናው ዓምድ? 2008 ማለት እኮ ዕድሜ ነው። ሁሉም ሰው በአርኤስኤስ እየደመረ ይሸወዳል፣ ከርነሉ ደግሞ እውነቱን ጓዳ ደብቆ ይቀመጣል።

ከርነል_አንባቢ · ከጠዋቱ 3፡30

በነፃ ስላልሆነ ነው ወንድሜ።

አርኤስኤስ የተዘጋጀ ቆጣሪ ነው። ፔጅ ሲገባ ይጨምራል፣ ሲወጣ ይቀንሳል፤ ማንበቡ ምንም አይፈጅም። ፒኤስኤስ ግን ተጽፎ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። በጠየቅክ ቁጥር ከርነሉ የፕሮሰሱን የፔጅ ሠንጠረዥ ይዞራል። እያንዳንዷን ፔጅ «ስንት ሰው ይዞሻል?» ብሎ ጠይቆ ያካፍላል። ያን ሲያደርግ የዚያን ፕሮሰስ የሚሞሪ ካርታ ቁልፍ ይይዛል። ፕሮሰሱ በዚያ መሀል አዲስ ሚሞሪ ካርታው ላይ ማስገባት ቢፈልግ ቆሞ ይጠብቃል። በአንድ የሠራሁበት ቤት የሞኒተሪንግ ኤጀንቱ በየ5 ሰከንዱ የሁሉንም ፕሮሰስ ስማፕስ ያነብ ነበር። ዳታቤዙ በየ5 ሰከንዱ ይንተፋተፋል። ሳምንት ሙሉ ኔትወርኩን ስንረግም ከረምን፤ ገዳዩ መርማሪው ነበር።

እና አርኤስኤስም ራሱ ልክ አይምሰላችሁ። ማኑዋሉ ላይ በግልጽ «ይህ ቁጥር ትክክል አይደለም» ተብሎ ተጽፏል። እያንዳንዱ ክር (የዚህ መድረክ ክር ሳይሆን የፕሮሰሱ፣ ጎን ለጎን ከሚሮጡት ሥራዎቹ አንዱ) የራሱን ጭማሪ በኪሱ ይዞ ቆይቶ በየ64 ክንውኑ ነበር ወደ ዋናው መዝገብ የሚያስገባው። 64 ፔጅ 256 ኪሎባይት ነው። አንድ ሺህ ክር ያለው የጃቫ ፕሮሰስ ላይ እስከ 250 ሜጋ ስህተት ሊደርስ ነው። ከ6.2 ከርነል ወዲህ አሠራሩ ተለወጠና ስህተቱ በክሮቹ ብዛት መሆኑ ቀርቶ በሲፒዩዎቹ ብዛት ሆነ። ብዙ ኮር ባለው ማሽን ላይ አሁንም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ቶፕ ላይ ርካሹ ቁጥር ቢቀመጥ አልፈርድበትም። የምፈርደው ስሙ ላይ ነው። «ሪዚደንት» ሲባል ሰው «የኔ» ማለት ይመስለዋል።

ጋሽ_ዩኒክስ · ከቀኑ 6፡10

ልጆች፣ ይሄ ጭቅጭቅ ከእናንተ ይበልጣል በዕድሜ።

ጌት አር ዩሴጅ የሚባለውን ሲስተም ኮል ማኑዋል ክፈቱ። ከበርክሌይ ዩኒክስ የመጣ ነው። ውስጡ ኢክስ አርኤስኤስ፣ አይዲ አርኤስኤስ፣ አይኤስ አርኤስኤስ የሚባሉ ሦስት ቦታዎች አሉ፦ የጋራው፣ የግል ዳታው፣ የስታኩ። ያኔ ሐሳቡ ሚሞሪን በጊዜ አባዝቶ መያዝ ነበር፤ ስንት ያዝክ ብቻ ሳይሆን ለስንት ጊዜ ያዝከው። እንደ ቤት ኪራይ ማለት ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነበር። ሊኑክስ ላይ ሦስቱም ዛሬ ድረስ ዜሮ ናቸው። ቦታው አለ፣ የሚሞላው የለም።

የተሞላው አንዱ ማክስ አርኤስኤስ ነው፣ ከፍተኛው የደረሰበት ማለት ነው። እሱም ሊኑክስ ላይ በኪሎባይት፣ ማክ ላይ በባይት ነው የሚመጣው። አንድ ተማሪዬ ማክ ላይ ለክቶ «ጋሼ ፕሮግራሜ ሺህ እጥፍ አበጠ» ብሎ እያለቀሰ መጣ። ደግሞም ልጅ ፕሮሰስ ተፎርኮ ሌላ ፕሮግራም ሲጀምር የአባቱን ቁጥር ይዞ ነው የሚነሳው። ትልቅ ከሆነ የፓይተን ፕሮሰስ ሥር «ሄሎ» የምትል ፕሮግራም አስነሡና እዩ፤ ሄሎ 2 ጊጋ ፈጀች ይላችኋል።

ለሌሊት ተረኛው፦ አንድ ቁጥር ስጠኝ አትበል። ለምን ፈለግከው የሚለውን መጀመሪያ ንገረን። ማሽኑ ለምን ታፈነ ነው ጥያቄህ? ወይስ የትኛው ፕሮሰስ አበጠ? የተለያዩ ናቸው።

ሌሊት_ተረኛ · 6፡25

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የኔ የመጀመሪያው ነው፦ ለምን ታፈነች።

ጎ_ወዳጁ · ከቀኑ 8፡05

አርኤስኤስ ወደ ታችም ይዋሻል፣ እሱን አንርሳ።

ፖስትግሬሱን ሂዩጅ ፔጅ (ለብቻው የተያዘ የትልልቅ ፔጅ ክምችት) ላይ ብታደርገው አርኤስኤሱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ዶሮ ወጥ እንዳትሠራ! ከዚያ ክምችት የመጣ ፔጅ በአርኤስኤስ ውስጥ አይቆጠርም፤ ከርነሉ ለየፕሮሰሱ በሚያወጣው ስታተስ ፋይል ላይ ለብቻው መስመር አለው። ሚሞሪው የትም አልሄደም፣ ከዓምዱ ነው የወጣው። ስዋፕም እንዲሁ ነው። ሊክ ያለበት ፕሮሰስ ግማሹ ወደ ስዋፕ ሲገፋ በአርኤስኤስ «ዳነ»።

ጎ የሚባለው ቋንቋ 1.12 በ2019 ሲወጣ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ራንታይሙ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ክፍል) ያልፈለገውን ሚሞሪ «ሲያስፈልግህ ውሰደው» በሚል መንገድ ለከርነሉ መመለስ ጀመረ። ከርነሉ ካልቸገረው አይወስደውም፤ ስለዚህ አርኤስኤስ ላይ እንዳለ ይቆያል። ስንቱ ሊክ መስሎት ሌሊቱን አነጋ! 1.16 ላይ ወዲያው ወደሚለቅበት ተመለሱ። አስቡት፣ አንድ ቋንቋ ባህሪውን የለወጠው በአመዛኙ የሰው ዓይን የሚያየው ቁጥር ስላሳሳተ ነው።

እኔ የምጠቀመው ከስታተስ ፋይሉ አርኤስኤስ አኖንን (የራሱን) ከቪኤም ስዋፕ (ወደ ስዋፕ ከተገፋው) ጋር ደምሬ ነው። ከ4.5 ወዲህ አርኤስኤስ በሦስት ተከፍሎ ይጻፋል፦ የራሱ፣ ከፋይል የመጣ፣ የጋራ ሚሞሪ። ርካሽ ነው፣ ቁልፍ አይዝም። የማክ አክቲቪቲ ሞኒተር የሚያሳየውም ወደዚህ የቀረበ ነው፤ የተጨመቀውን ጭምር ይቆጥራል። እኔን ብትጠይቁኝ ቶፕ ላይ መውጣት ያለበት ይሄ ነበር።

ስልክ_ኮዳሪዋ · 8፡20

ቪኤስዜድን (የተያዘውን አድራሻ ሁሉ፣ ራም ባይኖረውም የሚቆጥረውን) ማንም አልጠራውም 😄

ጎ_ወዳጁ · 8፡22

ይረፍበት። አድሬስ ሳኒታይዘር (የሚሞሪ ስህተት ፈላጊ) ያለበት ፕሮግራም አስነሺና ቴራባይቶች ሲል ታዪዋለሽ። የቃል መሬት ነው፣ ካርታ አለው፣ ቤት የለበትም።

የቨርጂኒያው · ከምሽቱ 2፡30

ከሥራ ስወጣ ነው ያየሁት። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን የገዳዩን ቃል ማንም አልጠየቀም። ኦኦኤም ኪለር ሲገድል ሙሉ የፖሊስ ሪፖርት ጽፎ ነው የሚሄደው። ዲሜሴጅ (የከርነሉ መዝገብ) ላይ ያለውን ለጥፍልን። ሠንጠረዡን ብቻ አይደለም፣ ከሱ በላይ ሚም ኢንፎ የሚለውንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው አርኤስኤስ በኪሎባይት ሳይሆን በፔጅ ነው። በ4 አባዛው።

ሌሊት_ተረኛ · 3፡05

ወይ ጉድ። የተገደለው 570,000 ይላል። እስካሁን 570 ሜጋ እያልኩ ነበር የማነበው። በ4 ሲባዛ 2.2 ጊጋ ሊሆን ነው! ይሄ ሰኞና ሐሙስ ሌሊት የሚሮጠው ሪፖርት ነው። «ኪልድ ፕሮሰስ» የሚለው መስመር ላይ አኖን 1.6 ጊጋ ገደማ፣ ቀሪው የጋራ ሚሞሪ ይላል።

ከላይ ሚም ኢንፎ ላይ ደግሞ፦ ኤስኤችሜም (የጋራ ሚሞሪ) 1,286,000።

ከርነል_አንባቢ · 3፡11

ቆይ። 1,286,000 ፔጅ 4.9 ጊጋ ነው። ሼርድ በፈርስህ 2 ጊጋ ነው አላልክም? የቀረው 3 ጊጋ የማን ነው?

የቨርጂኒያው · 3፡14

አገኘነው። ዴቭ ኤስኤችኤም (ፋይል ዲስክ ላይ ሳይሆን ራም ላይ የሚቀመጥበት ማውጫ) ውስጥ ምን አለ? ዝርዝሩን አውጣ።

ሌሊት_ተረኛ · 3፡31

ሦስት ፋይሎች። ድምራቸው 3 ጊጋ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። የዳታቤዝ ባክአፕ ናቸው።

ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ዲስኩ ቀርፋፋ ስለሆነ ዳምፑ መጀመሪያ ዴቭ ኤስኤችኤም ላይ እንዲጻፍ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ማሽን እንዲላክ፣ ከዚያ እንዲጠፋ አድርጎ ስክሪፕት ጽፎ ነበር። መላኩ ከተቋረጠ ወይም ዳምፑ መሀል ላይ ከሞተ ስክሪፕቱ ማጥፊያው መስመር ጋ አይደርስም። ፋይሉ ራም ላይ ይቀራል።

ለምን ሌሊት 9 ሰዓት እንደሆነም ገባኝ። የሰርቨሩ ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ነው። ክሮኑ (ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው) ላይ 0፡00 ተብሎ ነው የተጻፈው፤ አዲስ አበባ ላይ ያ ሌሊት 9 ነው። ሪፖርቱም 0፡00 ነው። ሁለቱ እኩል ይነሳሉ።

ግን አንድ ነገር አስረዱኝ። ይህ 3 ጊጋ ከ60ው ፕሮሰስ በአንዱም ላይ የለም። በአርኤስኤስ የለም፣ በፒኤስኤስ የለም፣ በዩኤስኤስ የለም። የትኛውንም ብደምር አላገኘውም ነበር ማለት ነው?

ከርነል_አንባቢ · 3፡50

አታገኘውም ነበር። የፕሮሰስ ቁጥር የሚቆጥረው ፕሮሰሱ ካርታው ላይ ያስገባውን ነው። የጻፈው ስክሪፕት ከሞተ ሰነበተ፤ ፋይሉ ግን ራም ላይ ተቀምጧል፣ ዲስክ የለውም፣ ስዋፕ የላችሁም፣ ከርነሉም ሊጥለው አይችልም። ሟች የተወው ዕዳ ነው። ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ ብትሰጥ «ሼርድ» የሚለው ዓምድ ላይ ታየው ነበር፤ ማንም ያንን ዓምድ አያየውም እንጂ።

ኦኦኤም ኪለሩም ያው ችግር አለበት። የሚመርጠው በአርኤስኤስ፣ በስዋፕና በፔጅ ሠንጠረዥ ድምር ነው። 2.2 ጊጋ የሚመስለውን ሪፖርት ገደለ፣ የተለቀቀው 1.6 ነው፣ የጋራው ሌሎቹ ስለያዙት አልሄደም። ዴቭ ኤስኤችኤም ላይ ያለውን ደግሞ ፋይል ስለሆነ መግደል አይችልም። ንጹሑን ገድሎ ይሄዳል።

የፔጅ ሠንጠረዡንም አትናቁት። 2 ጊጋ ማለት 524,288 ፔጅ ነው፣ ለእያንዳንዱ 8 ባይት መዝገብ። ሼርድ በፈርሱን ተበታትኖ የነካ አንድ ፕሮሰስ እስከ 4 ሜጋ ሠንጠረዥ ይይዛል። 60 ሲሆኑ 240 ሜጋ። አርኤስኤስም ፒኤስኤስም አያውቀውም። ቪኤም ፒቲኢ የሚል መስመር አለ፣ እዚያ ነው።

የቨርጂኒያው · 4፡12

እንግዲህ የኔ አቋም። «ከርነሉ ስለ ፕሮሰስ ምን ይንገረን» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጠባብ ነው። በሲግሩፕ (ከርነሉ ፕሮሰሶችን በቡድን የሚመዘግብበት) ቢጠየቅ ይሻላል። ሲግሩፕ የግሉን፣ የጋራውን፣ የፋይል ካሹን፣ የከርነሉን ሁሉ አንድ ላይ ይመዘግባል፤ ፕሮሰሱ ቢሞትም ሂሳቡ አይዘጋም። አሁን ሲስተምዲ ሲጂቶፕ (የሲግሩፖቹን ሂሳብ የሚያሳይ ትእዛዝ) በልና የክሮንን መስመር እይ።

ሌሊት_ተረኛ · 4፡19

ክሮን ሰርቪስ፦ 2.9 ጊጋ። ክሮን ራሱ በፒኤስ 3 ሜጋ ነው የሚለው።

ለሁለት ሳምንት እዚያ ቁጭ ብሎ ነበር።

ስልክ_ኮዳሪዋ · 4፡30

ሲግሩፕም እኮ ፍትሐዊ አይደለም። የጋራ ፔጅ የሚጻፈው መጀመሪያ በነካው ላይ ነው። ቀድሞ ቧንቧ የከፈተው ተከራይ የሁሉንም ቢል ይከፍላል ማለት ነው 😄 በኮንቴይነር የምትሠሩ ተጠንቀቁ።

የቨርጂኒያው · 4፡34

ልክ ነሽ፣ እቀበላለሁ። ቢያንስ ግን ቢሉ አይጠፋም።

ጋሽ_ዩኒክስ · 4፡50

ልጄ፣ ዛሬ ሌሊት ሳታድር አንድ ነገር አድርግ። ዋናውን የፖስትግሬስ ፕሮሰስ ኦኦኤም ስኮር ማስተካከያውን (ለመገደል የሚመረጥበትን ነጥብ) 1000 ቀንስለት፤ የፖስትግሬስ ሰነድም ይመክራል። ባክአፑንና ሪፖርቱንም በሰዓት አራርቃቸው። አለቃህ ወረቀት ከፈለገ ያንን 19.2 ቀድደህ የሲጂቶፕን አንድ ገጽ ስጠው።

ሌሊት_ተረኛ · ዓርብ፣ ሌሊት 9፡25

ፋይሎቹን አጠፋሁ፣ ዳምፑን ወደ ዲስክ መለስኩት፣ ስክሪፕቱ ሲቋረጥም እንዲያጸዳ አደረግኩ። ሪፖርቱን ወደ 7 ሰዓት አመጣሁት። ዛሬ የሪፖርት ሌሊት ስለነበር ነቅቼ ጠበቅኩ። ፍሪ ላይ ሼርድ 1.9 ጊጋ፣ አቬይለብል (ለሥራ የሚገኘው) 4.6።

አለቃዬ ማታ አዲሱን ወረቀት አየና «ታዲያ 19ኙስ የት ሄደ?» አለኝ። የውሃ ቆጣሪውን ነገርኩት። ለካ እሱም ተከራይ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ስለ ግቢያቸው ቢል አወራኝ።

ቢት_በርበሬ · ከጠዋቱ 1፡10

ራሙስ?

ሌሊት_ተረኛ · 1፡12

አልተገዛም።